ከፓምፑ የተቃኙ ክራሮች

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛውን ክረምት ጨረስን። የቤቱን ወሬ ባጭሩ ልንገርህ፦ እማዬ ደህና ናት፤ ሶፋው ላይ ያንተን ቦታ አሁንም አታስነካም። ወደ ጎሮ የሚወስደው መንገድ እንደ ልማዱ እየተቆፈረ ነው።

ዋናው ወሬ ግን የሙዚቃ ክፍልህ ነው። ክፍሏ ልትዘጋ ነበር።

ትዝ ይልሃል፣ ከኮንዶሚኒየማችን የጋራ ሕንፃ፣ ለበግ ማረጃ ከተሠራው፣ አንዷን ክፍል ለምነህ ስትይዝ ሰው ሁሉ ጡረታ ያሰለቸው ሽማግሌ ብሎህ ነበር። ከግድግዳዋ ማዶ የውሃው ፓምፕ ያጓራል። አንተ ጩኸቱን በመራገም ፈንታ ክራሮቹን ሁሉ በእሱ ቃኘሃቸው። ሰው ይሳሳታል፣ ፓምፕ ግን ያለው አንድ ድምፅ ነው ትል ነበር። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ትምህርቱም በፈረቃ ሆነ። ልጆቹ ባንድ እጅ ጀሪካን፣ በሌላው ክራር ይዘው ይመጡልህ ነበር።

አንተ ከሄድክ በኋላ ኮሚቴው ክፍሏን ለእህል መጋዘን ሊያከራያት ተነሣ። ነዋሪው ሰምቶ ይወስን ተባለና ልጆቹ ስብሰባው ላይ እንዲጫወቱ ተደረገ። እኔም ነገር አሳምራለሁ ብዬ ከአያት ሰፈር አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ጋበዝኩ። ሲጀምሩ ጆሮ የሚያሳክክ ነገር ሆነ። ሰውዬው አቆመና ክራሮቹን አንድ በአንድ ሞከረ፤ ሃያዎቹም እኩል ዝቅ ብለዋል። ለካ ፓምፑ አርጅቶ ድምፁ ወርዷል! ሁሉም እንደ አዲስ ይቃኙ ሲል የኮሚቴው ሊቀመንበር ፈገግ አለ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ይኼኔ ከታች ሱቅ ያላቸው የወሎዋ እትዬ ዘይነባ፣ ድምፅ ቀንስ እያሉ ስንቴ በርህን ያንኳኩት፣ ብድግ አሉ። «የኔ ጌታ፣ ሃያ ልጅ ከሚወጣ አንተ አንድህ ብትወርድ ምን አለበት? እዚህ እንግዳው አንተ ነህ!»

ሰውዬው ሳቀና አንድ ቁልፍ ተጭኖ ኪቦርዱን ዝቅ አደረገው። አባዬ፣ ከዚያ ወዲያ የሆነውን ብትሰማ! ሃያ ክራር ባንድ ልብ። እጅ ሲቆጠር ክፍሏ ትቆይ ያለው በለጠ። ሊቀመንበሩም እጁን አወጣ፣ ራሱን የሚያክ አስመስሎ።

እዚህ ሰሚት ላይ አንዱ ብሎክ ከሌላው አይለይም፤ እንግዳ ሁሌ የሰው በር ያንኳኳል። የኛን ሰፈር ግን አሁን ዓይኑን የጨፈነ ሰው በክራሮቹ ዝቅ ያለ ቅኝት ያውቀዋል። ኮራሁብህ።

ባለፈው ወር ፓምፑ በአዲስ ተተካ። ድምፅ የለውም። እናም ክር ሲላላ ልጆቹ እኔን ይጠሩኛል፤ ግድግዳው ጋ ቆሜ የድሮውን ፓምፕ ባፌ አጓራላቸዋለሁ። ዲግሪዬ ለዚህ በቃ።

ያቺን ድምፅ አልረሳትም፣ አባዬ። ከረሳኋት ሰፈሩ በሙሉ ከቅኝት ይወጣል።

ልጅህ