የሆዳን አራት ደቂቃ

ማክሰኞ
ደግሞ ወደቀ! ከጠዋት ጀምሮ ሃያ ጊዜ ሞከርኩት፤ አሥራ ዘጠኙ አለፈ፣ አንዱ ወደቀ። ምንም ሳልነካው። ቴስቱ እኮ ቀላል ነው፦ የፈተናውን ሰዓት ቆጣሪ «ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጥራ» ትለዋለህ፣ በሰዓቱ መጥራቱን ታያለህ።

አንዱን ሰርቨር ስድስት ቨርቹዋል ማሽን አድርገን ከፋፍለነዋል፤ እያንዳንዱ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር ይሠራል። አንዱ የኮሌጁን ፈተና ይዟል፣ ሌሎቹ የሬጅስትራርን፣ የቤተ መጻሕፍትን ሥራ። ባለፈው ሴሚስተር ሆዳን የምትባል የነርሲንግ ተማሪ «አራት ደቂቃ ሲቀረኝ ፈተናው ተዘጋብኝ» ብላ አለቀሰች። የቅሬታ ኮሚቴው ፊት «ማሽኑ አይሳሳትም» ያልኩት እኔ ነኝ። ፈተናውን ወድቃ ተባረረች። ሰኞ ቅሬታዋ እንደገና ይታያል።

ረቡዕ
የሰዓት ምንጩን ቀየርኩ፤ ወደቀ። ሶፍትዌሩን አደስኩ፤ ወደቀ። መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተር ተነሣ፣ ከዜሮ ጀመርኩ፤ አለፈ! ደገምኩት። ወደቀ።

አለቃዬ አቶ ሙክታር ብቅ ብለው «ከሃያ አንዴ ምን አላት? ተወው በቃ» አሉኝ። እሳቸው ምን አለባቸው!

ዓርብ
ተፈታ! ከስድስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ አንድም አልወደቀም። ጠዋት የነካካሁት ቅንብር ነው ብዬ ሮጬ ለአቶ ሙክታር ደወልኩ። «ማሻአላህ» አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት፦ አይ የኔ ነገር! ለካ ሰው ሁሉ ጁምዓ ሄዶ ሰርቨሩ ሥራ ፈቶ ነው። ሬጅስትራሮች ሲመለሱ ወደቀ። አራት ዓመት ጅግጅጋ ኖሬ ጁምዓን ልርሳ? አፈርኩ።

ቅዳሜ
ምክንያቱ ገባኝ። ሌሎቹ ሲሠሩ የፈተናው ማሽን ተራ ያጣል፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ፋታ ሲያገኝ ደግሞ ዘሎ ይደርሳል። ሰዓቱ ወደ ኋላ በቀረበት ሰዓት ፈተና የጀመረ ሰው፣ ሲዘል ደቂቃው ይበላበታል።

ግን አውቄ ላሳስተው ስል እምቢ አለ። ሁሉንም ማሽን አጨናንቄ ሠላሳ ጊዜ ሞከርኩ፤ አንዴ ብቻ ወደቀ፣ ያውም በአርባ ሰከንድ። አራት ደቂቃ ከየት ላምጣ? ማሽኑ በሆዳን ፈተና ቀን የያዘው መዝገብ ደግሞ ጠፍቷል። ተስፋ ቆርጫለሁ።

ሰኞ
ኮሚቴው ፊት «ባለፈው ተሳስቻለሁ፤ ማሽኑ ይስታል» አልኩ። ሰብሳቢው «በዚያን ቀን ለመሳቱ ማስረጃ አለህ?» አሉኝ። የለኝም። «እንነጋገርበታለን» ብለው አሰናበቱን።

ሆዳን ኮሪደሩ ላይ ከእናቷ ጋር ቆማለች፤ ከሐርተሼክ በጠዋት መኪና ነው የመጡት። እናቷ እጄን ይዘው በሶማሊኛ መረቁኝ። ሆዳን ግን ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «ዋላል፣ ወንድሜ፣ ያኔ ከመናገርህ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ሞክረኸው ነበር?» አለችኝ።

«አልሞከርኩትም» አልኳት።

እናቷ ምን እንዳልኩ ጠየቋት። አልተረጎመችላቸውም።