የሪፖርት አድራጊው ስም

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ኅዳር 18

ውድ ጋሽ ሳዲቅ፣

ዛሬ ጠዋት ኮምቦልቻ ላይ ስምዎን ጠየቁኝ። አልሰጠሁም። ሌላውን ከማንበብዎ በፊት ይህን እንዲያውቁ ፈለግሁ፤ ደብዳቤው ከእኔ መሆኑን ሲያዩ መጀመሪያ የሚያስቡት ይህንኑ እንደሚሆን ስለማውቅ ነው።

የጠየቀችኝ ከአቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቱ የተላከች መርማሪ ናት። ከተባረርኩ በኋላ ያስገባሁትን አቤቱታ ይዛ መጥታለች። ሆቴል ውስጥ አንዲት ጠባብ አዳራሽ ሰጥተዋት ፊት ለፊት ተቀመጥን። ትሑት ሴት ናት። ወረቀቶቼን አንድ በአንድ አገላብጣ ስትጨርስ፣ "እህቴ፣ ሪፖርቱ የፈጠራ አለመሆኑን የሚያስረዳልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። የጻፈውን ሰው ንገሪኝ፤ ለብቻው አነጋግረዋለሁ" አለችኝ። እስክሪብቶዋን አንስታ ጠበቀች።

አልዋሽዎትም፣ ስምዎ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ውሃ ጠጣሁና "ስሙ የእኔ ንብረት አይደለም፤ ልሰጥዎት አልችልም" አልኳት።

"ፋይሉ በአሥር ቀን ውስጥ ይዘጋል" አለች። "እንዲህ ከተዘጋ 'የሐሰት ሪፖርት አዘጋጅታለች' የሚለው ከስምሽ ጋር ይቀራል። በዚህ ሙያ ማንም አይቀጥርሽም። ገና ሃያ ስድስት ዓመትሽ ነው፤ ለራስሽ አስቢ።"

አመስግኛት ወጣሁ። ኮምቦልቻ እንደሚያውቁት ታቃጥላለች። ሚኒባስ ተሳፍሬ ሽቅብ ወደ ደሴ ስወጣ፣ ብርዱ በመስኮት ሲቀበለኝ፣ ይህን ሁሉ የማወራው ሰው ማን አለኝ ብዬ አሰብኩ። ነገሩን ያለ ማብራሪያ የሚረዳኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም እርስዎ ነዎት። ከሁሉ የከፋብኝ ይኸው ነው።

አቶ ጸጋው የቀጠሩኝ ለወረቀት እንደነበር ያኔም አውቅ ነበር። ባለ ዘጠኝ ወንበር አውሮፕላን ገዝተው ራሳቸውንና እንግዶቻቸውን ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ወዳለው ፋብሪካቸው ማመላለስ ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የበረራ ፈቃዳቸው ሊታደስ ሲል ተቆጣጣሪው "የደህንነት አስተዳደር ሥርዓታችሁ የት አለ?" ብሎ ጠየቃቸው። ለካ የግል አውሮፕላን ለራሱ ሥራ የሚያበርር ድርጅትም አደጋ ሳይደርስ አስቀድሞ ስጋቱን የሚለይበት፣ ሠራተኛው ያየውን ጉድለት ሳይፈራ የሚያሳውቅበት፣ ባለቤቱ ደግሞ ኃላፊነቱን በፊርማው የሚወስድበት ሥርዓት ሊኖረው ግድ ነው። የገባሁ ቀን "እኛ አየር መንገድ አይደለንም፣ ያለችን አንዲት አውሮፕላን ናት። መጽሐፉን አዘጋጂልኝና ማህተም እንምታበት" አሉኝ። "እንደ ድርጅቱ መጠን ያጥራል እንጂ አይቀርም" አልኳቸው። ሳቁ። የተማረ ሰው ሲናገር ደስ ይላቸዋል፤ እስከተወሰነ ድረስ።

እርስዎም ስቀውብኛል። አውሮፕላኑ የሚቆምበት ሃንጋር ውስጥ መዝገቤን ታቅፌ ስገባ "የደህንነት ሚኒስትራችን መጣች! መፍቻ ደብቁ!" ይሉ ነበር። ግን በሁለተኛው ሳምንት ከአውሮፕላኑ ሥር አስገቡኝና የፍሬኑን ሸራ እንዴት እንደምለካ ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። የሸራውን ማለቅ የምታሳየዋን ትንሽ ዘንግ እየጠቆሙ "ዓይንሽን አትመኚው። በጥፍርሽ ዳብሺያት። ከብረቱ ጋር እኩል ከሆነች አለቀ፣ ክርክር የለውም" አሉኝ። ጥፍሬ ጠቆረ። "እንግዲህ ባል አታገኚም" ብለው ደግሞ አሾፉብኝ። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ እንዲህ ያስተማረኝ ሰው አልነበረም።

ሥልጠና የሰጠሁበትን ቀን ያስታውሱታል? ስድስታችሁንም ሰብስቤ፣ አቶ ጸጋው የፈረሙበትን ገጽ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ጉድለት ያሳወቀ ሠራተኛ አይቀጣም፤ ስሙም አይገለጽም። ካፒቴን ኃይለ ሚካኤል ስልኩን ይነካካ ነበር። እጅዎን ያነሡት እርስዎ ብቻ ነዎት።

"ወንጌላዊት፣ ይሄ ነገር ለእውነት ነው ወይስ ለወረቀት?"

"ለእውነት ነው ጋሼ።"

"በምን እናውቃለን?"

"በእኔ" አልኩ።

ሁሉም ሳቁ። እርስዎ አልሳቁም። ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ በሪፖርት ሳጥኑ ውስጥ አንድም ወረቀት አልገባም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሳጥኑን ስከፍት አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "የግራው ፍሬን ሸራ አልቋል። መለወጫው ከተጠየቀ ሃያ ሦስት ቀን ሆነው። ደህና ነው ተብሎ በመዝገብ ተፈርሟል። ደህና አይደለም።" ስም የለውም። ስም ግን አያስፈልገውም ነበር። በዕቃ ግምጃ ቤቱ ባለው ካርቶን ሁሉ ላይ የዕቃውን ስም የጻፉት እርስዎ ነዎት። ያን ወደ ግራ የሚያጋድል ደማቅ ጽሕፈት ጥበቃው እንኳ ያውቀዋል። ከማወቄ ጋር አብሮ የገባኝ ሌላ ነገር ነበር፤ በመዝገቡ ላይ "ደህና ነው" ብለው የፈረሙትም እርስዎ ነዎት። ማን እንዳስፈረመዎት መገመት አያቅተኝም። አቶ ጸጋው "አንድ ጉዞ ብቻ" ማለት እንደሚወዱ እናውቃለን።

የጻፍኩት መመሪያ፣ ሪፖርቱ ሲመጣ ዋናው ቅጂ በፖስታ ታሽጎ ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጥ ይላል። ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ቢሮው ውስጥ አንድ ነበር፤ ሁለተኛው ቁልፍ ደግሞ በአቶ ጸጋው ጸሐፊ እጅ ነው። ይህን መመሪያውን ስጽፍ አላሰብኩበትም። ብዙ ሠራተኛ ላለው ድርጅት የሚሠራውን አንቀጽ ገልብጬ ለስድስት ሰው አወረስኩት። ስለዚህ ፈራሁልዎ። ቃልዎን በራሴ እጅ ጽሕፈት ገልብጬ ዋናውን ቀደድኩት። ጥፋቴ ይህ ነው። የማንንም ጥፋት ከመቁጠሬ በፊት የራሴን ልጻፈው ብዬ ነው።

አውሮፕላኑ እንዳይነሣ ጠየቅሁ። በማግስቱ አቶ ጸጋው በመኪና መጡና ሁላችንንም ሰበሰቡን። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

"ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?"

"የእኔ ነው" አልኩ። "ሪፖርቱ ግን የእኔ አይደለም። የጻፈውን ሰው ለመጠበቅ ገለበጥኩት።"

"ዋናው የት አለ?"

"ቀድጄዋለሁ።"

"ቀድጄዋለሁ" አሉ ወደ ሌሎቹ ዞረው፣ ድምፄን እያስመሰሉ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። "እንግዲህ ፍሬን የምታውቅ ጸሐፊ አግኝተናል።" ከዚያ ወደ እርስዎ ዞሩ። "ጋሽ ሳዲቅ፣ እስቲ አንተ ንገረን። ፍሬኑ እንዴት ነው?"

ያን ጊዜ አየሁዎት። እጅዎን በጨርቅ ይጠርጉ ነበር፤ እጅዎ ንጹሕ ነበር፤ ግን ይጠርጉ ነበር።

"መዝገቡ ላይ ፈርሜያለሁ" አሉ።

ደህና ነው አላሉም። ደህና አይደለም አላሉም። እኔን አላዩኝም። ከዚያ ወዲህ ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኳት አያውቁም። አልዋሹም። ሦስት ቃል ብቻ አምጥተው፣ እውነቱን እዚያው ጠረጴዛው ላይ እንደተኛ አልፈውት ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ 'የሐሰት ሪፖርት አዘጋጅታለች' የሚለውን የስንብት ደብዳቤዬን ተቀብዬ በር ላይ ጠበቅሁዎት። በሠራተኛ ሰርቪሱ መስኮት አዩኝ። ቢያልፉኝ ይሻለኝ ነበር። ወርደው መጡና "አይዞሽ ልጄ፣ ወላሂ አላህ ሌላ ይሰጥሻል" አሉኝ። ተመልሰው ተሳፈሩ። ሌላ አልፈለግሁም ነበር ጋሼ። የፈለግሁት የነበረኝን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልንገርዎ። አዲስ አበባ ሦስት ቦታ አመለከትኩ። ሦስቱም ስለ ስንብቱ ጠይቀው ዝም አሉ። እናቴ "ከባለሀብት ጋር ምን አጣላሽ? እንደ ሰው ፈርመሽ ደሞዝሽን አትበይም ነበር?" ትላለች፤ ከዚያ ደግሞ እኔን ለማስደሰት ሽሮ ላይ ቅቤ ትጨምራለች። እዚሁ ደሴ ፒያሳ ወርጄ አንድ ካፌ ጥግ እቀመጣለሁ። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ያገኙኝና "ከአውሮፕላኑ ወረድሽ እንዴ?" ይሉኛል፤ አብሬ እስቃለሁ። ማክሰኞና ዓርብ ረፋድ ላይ ያ የሞተር ድምፅ ከከተማው በላይ አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። እጄ ላይ ያለው ስኒ እዚያው ይቆማል። ድምፁ ከተራራው ማዶ እስኪጠፋ፣ ከዚያም አንድ ሰው "ሰማሽ?" እያለ እየሮጠ አለመምጣቱን እስካረጋግጥ ድረስ መዋጥ አልችልም። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ምን እንደምጠብቅ አያውቅም።

በተባረርኩ በሳምንቱ ካፒቴን ኃይለ ሚካኤል ደወለልኝ።

"ፍሬኑ ተቀየረ" አለ። "ዕቃው ከወጣሽ በአምስተኛው ቀን መጣ። አውጥተን ስናየው፣ አይ ወንጌላዊት፣ ሸራው ምንም አልቀረውም ነበር።"

"ይህን ለመርማሪ ትናገራለህ?"

"እኔ ምን አገባኝ? እንደው ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው።"

ደስ እንዲለኝ። አውሮፕላኑ ከአስፋልቱ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ እውነተኛ ነበረች ይሉኝ ነበር። አልወጣም፤ ስለዚህ ውሸታም ነኝ። ሥራዬ እንዲህ ያለ ሥራ ነው። በትክክል ስትሠራው ምንም አይሆንም፤ ያ ያልሆነው ነገር ደግሞ መጥቶ አይመሰክርልህም። ይህን እያወቅሁ ነው የመረጥኩት። ብቻዬን እንደምሸከመው ግን አላወቅሁም ነበር።

አሁን ስምዎን ለምን እንዳልሰጠሁ ልንገርዎ፤ በተሳሳተ ነገር እንዳያመሰግኑኝ። አዝኜልዎ አይደለም። ጡረታዎ ሁለት ዓመት እንደቀረው፣ ልጅዎ መዲና ገና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆነች፣ ደህና ያልሆነን ደህና ነው ብሎ የፈረመ ቴክኒሽያን ፈቃዱን ሊነጠቅ እንደሚችል አውቃለሁ። እነዚህን ሁሉ በሚኒባሱ ውስጥ አንድ በአንድ አሰብኳቸው፤ አንዳቸውም ልቤን አላራሩትም። እኔም እናት አለችኝ። እኔም ሙያ ነበረኝ። ስምዎን ያልሰጠሁት፣ ስም አይገለጽም ብዬ ስድስት ሰው ፊት የተናገርኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ሲከፋኝ የማጥፈው ቃል ከሆነ አቶ ጸጋው ልክ ነበሩ ማለት ነው፤ ሁሉም ነገር ለወረቀት ነበር። እኔ ደግሞ አቶ ጸጋው ልክ እንዲሆኑ አልፈልግም። ከሥራዬ አባረሩኝ፤ ከቃሌ ሊያባርሩኝ አይችሉም።

ይቅርታ አላደረግሁልዎም። አንድ ቀን ይሆን ይሆናል፤ ዛሬ ግን አይደለም። የሚያናድደኝ እርስዎን መጥላት አለመቻሌ ነው። ያችን ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ የከተተው እጅ የእርስዎ ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ከእኔ ሌላ ያ ሥርዓት እውነት ነው ብሎ ያመነ አንድ ሰው ቢኖር እርስዎ ነበሩ፤ ለአንድ ጠዋት ያህል።

መርማሪዋ የሰጠችኝን አሥር ቀን እኔ አልፈልገውም፤ መልሴን ሰጥቻለሁ። ቀኖቹ የእርስዎ ናቸው። እስከ ኅዳር 28 ድረስ እዚያው ሆቴል ናት፤ ስልኳን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌዋለሁ። ቢሄዱ ምንም አይደርስብዎም ብዬ ሁለተኛ ቃል አልገባልዎትም። የመጀመሪያውን ስገባ እንኳ በእጄ ያለው የራሴ ድርሻ ብቻ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። ባይሄዱም ከእኔ አፍ ስምዎ አይወጣም፤ ፋይሉ ይዘጋል፣ እኔም ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ፤ እኔን መስበር እንደዚህ ቀላል አይደለም።

ይህን በስልክ ያልላክሁት ከእጅ ወደ እጅ እንዳይዞር ነው። ነገ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ከቤትዎ በር ላይ ራሴ እሰጥዎታለሁ። አላናግርዎትም፤ ግቢ እንዳይሉኝ። የእርስዎ ስምና ያ ሪፖርት አብረው የሰፈሩበት ወረቀት በዓለም ላይ ይህ ብቻ ነው። ይዘውት ሆቴሉ ድረስ መሄድ ይችላሉ። ምድጃ ውስጥ መክተትም ይችላሉ። ግልባጭ አላስቀረሁም።

ወንጌላዊት