ሃያ ሦስቱን ወረዳዎች ያሰመሩት ሰው

ሟቹ የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ከአባታቸው የስፌት መኪና ሥር ቁጭ ብለው ቁርጥራጭ ጨርቅ ሲለቅሙ የሰሙትን አንድ ወሬ እስከ እርጅናቸው ድረስ ሲነግሩን ኖረዋል። ግማሹን ረስተውት ነበር፤ የቀረውንም በየጊዜው ይቀያይሩት ነበር። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ስለ ተቃጠለው የእህል ገበያ ያወራል። «የሁለቱም ወረዳ የእሳት አደጋ መኪናዎች እኮ ደርሰዋል!» ይላል። «ደርሰው ቆሙ። የዚያኛው ሹም ‘ቦታው የእናንተ ነው፣ እናንተ ቅደሙ’ ይላል፤ የዚህኛውም ‘ኧረ የእናንተ ነው’ ይላል። እነሱ ሲገባበዙ ገበያው ዐመድ ሆነ።» አባታቸው መርፌውን በጥርሳቸው ይዘው «ታዲያ የማን ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። የደንበኛውን መልስ ሟቹ ማስታወስ አልቻሉም። አንዳንዴ «ማንም አያውቅም አለ» ይሉናል፤ አንዳንዴ ደግሞ «ሳቀ እንጂ አልመለሰም» ይሉናል። በእሳቱ የሞቱት ሰዎች ቁጥር ግን አንድም ቀን ተለውጦባቸው አያውቅም። አራት ነበሩ።

በሰፈሩ «ጋሼ መስመር» እየተባሉ የኖሩት እኚህ ሰው፣ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከቤት እመቤቷ እናታቸው መጋቢት 9 ቀን 1938 ዓ.ም. በአንዲት የገበያ ከተማ፣ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ሲደርስ እዚያው አቅራቢያ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ዘጠነኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ተማሩ። በ1954 ዓ.ም. እናታቸው ሲያርፉ የአራት ዓመት እህታቸው እጃቸው ላይ ቀረች። አባት ከስፌት መኪናው ቀና የሚሉ ሰው አልነበሩምና፣ ሟቹ ትምህርታቸውን አቋርጠው ሕፃኗን ያዝሏት፣ ያጎርሷት፣ ፀጉሯን ያበጥሩላት ጀመር። ፀጉሯን ለሁለት ሲከፍሉ መሃሉ ቀጥ ካላለ አፍርሰው እንደገና ይጀምራሉ። «ጋሼ፣ አመመኝ እኮ» ስትል፣ «ዝም በዪ፣ ሊያልቅ ነው» ይሏታል። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ይህን እህታቸውም አይክዱም።

በ1957 ዓ.ም. በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት የቀያሽ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ። ሥራቸው ችካል መሸከምና የሜትሩን ጫፍ መያዝ ነበር። ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ እሳቸው የነዳፊዎቹ ጠረጴዛ ዘንድ ቆመው እያዩ፣ ማንም ሳያስተምራቸው ንድፍ ተማሩ። በ1965 ዓ.ም. ካርታ ነዳፊ ሆኑ። የተሳሳተ ቀለም በምላጭ ፍቀው ሲያነሡ ወረቀቱ ላይ ጠባሳ እንኳ አይተዉም ነበር፤ ባልደረቦቻቸው ዛሬም የሚያነሡት ይህንኑ ነው። በ1967 ዓ.ም. ከመምህርት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1979 ዓ.ም. ክፍለ ሀገሩ ከነበሩት ዘጠኝ ወረዳዎች ወደ ሃያ ሦስት እንዲከፋፈል ተወሰነ። አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሟቹም ነዳፊና ጸሐፊ ሆኑ። ሥራው ካርታ ላይ እንደ መቁረጥ ቀላል አልነበረም። ሰው ይቆጠራል፤ ከየቤቱ እስከ ጤና ጣቢያው ያለው መንገድ በእግር ይለካል፤ ጅረቱ በክረምት ይሻገሩት እንደሆነ ይጠየቃል። ገበያውን ሁሉም ይፈልገዋል፣ ቆሻሻ መጣያውን ማንም አይፈልገውም። አንድ ሽማግሌ ኮሚቴው ፊት ቆመው «ወንዙን ለእነሱ ስጧቸው፣ ድልድዩን ግን ለእኛ አድርጉልን» ብለው ለምነዋል። ሟቹ አሥራ አራት ወር በእግራቸው ዞሩ፤ ሦስት ጫማ ጨረሱ። መስመሩ ቤት ላይ ሲያርፍ ምን ይደረግ የሚለው ኮሚቴውን ሲያጨቃጭቅ፣ ደንቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር የጻፉት እሳቸው ነበሩ፤ ቤቱ በሩ ወደሚከፈትበት ወረዳ ይመደባል። ተጨበጨበላቸው። በሃያ ሦስቱም ወረዳዎች ሁለት መቶ አሥራ አንድ ቤቶች በዚህ ደንብ ተመደቡ።

ከእነዚህ አንዱ የእህታቸው ቤት ነበር።

እህታቸው ያን ጊዜ አዋላጅ ነርስ ነበሩ። ባለቤታቸው የከባድ መኪና መካኒክ፣ ተጫዋች፣ ስኳር በሽታ ያለባቸውና በየቀኑ መርፌ የሚወጉ ሰው ነበሩ። በወረዳ ሰባትና በወረዳ ስምንት መካከል የተሰመረው መስመር በወፍጮ ቤቱ መንገድ መጥቶ፣ መንገዱ ሲያልቅ በሳሎናቸው መሃል አልፎ ወደ ውኃ ታንከሩ ይሄዳል። በራቸው ወደ ስምንት ይከፈታል። ጤና ጣቢያው ያለው ሰባት ነው። የስምንቱ ጤና ጣቢያ መሠረቱ ብቻ ወጥቶ፣ ብረቱ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት ቆሟል። ሠራተኛም ታካሚም በነዋሪነት መታወቂያ ነው ስለተባለ፣ እህታቸው ከማዋለጃ ክፍል ተነሥተው በስምንት ጽሕፈት ቤት ፋይል እንዲያስቀምጡ ተመደቡ። የባለቤታቸውም መድኃኒት በወር አንዴ ከሩቅ በመኪና የሚመጣ ሆነ።

እህታቸው ቢሮ ድረስ መጡ። ያን ቀን የነበሩ ባልደረቦች ዛሬም ያስታውሱታል።

«ጋሼ፣ ብዕርህን ጣት ታህል ዝቅ አድርጋት።»

«ለእህቴ ጣት ዝቅ ካደረግሁ፣ ለቀረው ሰው ምን ብዬ እምቢ እላለሁ?»

«ለቀረው ሰው ወንድሙ አይደለህም።»

«ለዚህ ነው የማይሆነው» አሏቸውና ወደ ወረቀታቸው ዞሩ።

ከሳምንት በኋላ እህታቸው ግንበኛ ጠርተው የሳሎኑን የሰሜን ግድግዳ አስፈረሱ፤ የቆርቆሮ በር አስገጠሙ፤ የቀድሞውን በር በቁም ሣጥን ጋረዱት። ቤቱ ወደ ሰባት ተከፈተ። መስመሩን መሬት ላይ የማጣራቱ ሥራ በኅዳር ወር 1982 ዓ.ም. ሲደረግ የኮሚቴው መኪና ሌሎቹን አባላት ይዞ በዚያ ሰፈር በፍጥነት አለፈ። ሟቹ ግን ወርደው መስመሩን በእግራቸው ተከተሉ። ልስኑ ገና ያልደረቀ በር አዩ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ከደንቡ በኋላ የተከፈተ በር፣ ይደፈን» ብለው በገዛ እጃቸው ጻፉ።

በሩ ሲደፈን ትእዛዙን ይዘው ከውጭ ቆመው ነበር። የደፈነው ያው የከፈተው ግንበኛ ነው። ግማሽ ከደረሰ በኋላ የግንብ ማንኪያውን ይዞ ዞር አለና፣ «ጋሼ፣ ትንሽ መስኮት እንኳ ልተውላቸው?» ሲል ጠየቃቸው።

«ቃለ ጉባኤው ስለ መስኮት አይልም» አሉት።

እህታቸው ከውስጥ ሆነው ብሎኬቱ ረድፍ በረድፍ ሲወጣ፣ ቤቱም ሲጨልም ያያሉ። ለግንበኛው ውኃ አቀበሉት። «በደንብ ለስነው እሺ?» አሉት። «ወንድሜ ጎርበጥ ያለ ነገር አይወድም።» ከዚያ በቀረችው ክፍተት ወንድማቸውን አይተው፣ «ማን ነው የነገረባችን?» ብለው ጠየቁ። ሟቹ ቀና ሳይሉ «ጥቆማ ደርሶን ነው፤ ከእጄ ወጥቷል» አሉ። የእህታቸው ዓይን ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደ። ያንን ግድግዳ ከቤቷ ሆና የምታይ ጎረቤት የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ብቻ ነበረች። የመጨረሻው ብሎኬት ተቀመጠ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ወር መድኃኒት የሚያመጣው መኪና ሳይመጣ ቀረ። መካኒኩ ወደ ሰባት ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ሚስታቸው ስምንት ዓመት ባዋለዱበት በር ላይ መታወቂያቸው ታይቶ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ወደ ሆስፒታል ሲወሰዱ፣ ራሳቸው ሞተሩን አውርደው በጠገኑት የጭነት መኪና ውስጥ፣ ከሾፌሩ አጠገብ እንደተቀመጡ አረፉ።

ሟቹ ለለቅሶ ሲሄዱ እህታቸው በሩ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። «እርስዎ የሰባት ነዋሪ ነዎት» አሏቸው። «ሐዘናችን የስምንት ነው። በወረዳዎ ያልቅሱ።» እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። በጀርባቸው አዝለው ያሳደጓት ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ አለቻቸው። ከወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ጋር ደግሞ ጭራሽ መነጋገር ቀረ። ሴትዮዋ አስታራቂ ስትልክ ይመለስባታል፤ ሰላም ስትል ፊት ይዞርባታል። ምን እንዳጠፋች አታውቅም ነበር። በ2013 ዓ.ም. ሳታውቅ ሞተች።

ሟቹ በሥራቸው ከፍ ከፍ አሉ። በ1990 ዓ.ም. የመቃብር ቦታዎችን ደንብ አረቀቁ፤ እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን ነዋሪ ይቀብራል፤ የሌላ ወረዳ ሰው የሚቀበረው የሥጋ ዘመዱ የሆነ የዚያ ወረዳ ነዋሪ በመቃብሩ በር ቆሞ ሲፈርም ብቻ ነው። የወላጆቻቸው መቃብር በስምንት ይገኛል። ይህንም ያውቁ ነበር፤ ጻፉት። በ1998 ዓ.ም. ሜዳሊያ ተሸልመው በጡረታ ተገለሉ።

በ2012 ዓ.ም. ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። በሁለተኛው ወር እህታቸው ሳይጠሩ መጡ። «ጀርባው እየቆሰለ ነው፣ እንዲህ አይደለም የሚገለበጥ» ብለው የሟቹን ባለቤት ገፋ አድርገው ሥራቸውን ጀመሩ። «ዞር ይበሉ»፣ «እጅዎን ያምጡ»። ሦስት ዓመት ያህል በሳምንት ሁለቴ እየመጡ አጠቧቸው። ወንድሜ ታዝዞ ነው የሚል ነገር በልባቸው እየለሰለሰ ሄዶ ነበር። አንድ ቀን «ጋሼ» የሚለው ቃል ካፋቸው አመለጠ። ሟቹ እናታቸው ጎን መቀበር እንደሚፈልጉ በግራ እጃቸው ጽፈው ሲያሳዩ፣ «እፈርማለሁ፣ አይጨነቁ» አሏቸው።

ሟቹን እንቅልፍ ያሳጣቸው ይህ ቃል ነው። በውሸት ላይ የተገኘ ይቅርታ ፈጣሪ ፊት አይቆምልኝም ብለው ፈሩ። ባለፈው ታኅሣሥ፣ እህታቸው አንሶላ ሲቀይሩ፣ የሟቹ ትልቋ ልጅም ትራስ ይዛ ቆማ ሳለች፣ በተያዘ አንደበታቸው ተናገሩ። አልተሰማም። እህታቸው አስደገሟቸው። በሦስተኛው ጊዜ ተሰማ።

«ማንም አልጠቆመም። ማንም አላየውም። እኔ ነኝ ያየሁት።»

እህታቸው አንሶላውን እስከ ጥጉ ወጥረው ጨረሱ። እጃቸውን ታጠቡ። «ሴትዮዋስ?» አሉ። ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ፤ ተመልሰውም አልመጡም። ሟቹ ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በሰባ ስድስት ዓመታቸው አረፉ። እስከ መጨረሻው ቀን በሩ በተንኳኳ ቁጥር ዓይናቸው ወደዚያ ይሄድ ነበር።

ባለቤታቸውና ትልቋ ልጃቸው ፊርማውን ለመለመን ሄዱ። እህታቸው «ሰባት ውስጥ ሰፊ ቦታ አለ» ብለው መለሷቸው። በማግስቱ አንድ ዘመድ ሄዶ፣ ምንም ሳይለምን፣ ያሉትን ሁሉ ሲያዳምጥ ዋለ። ሊነሣ ሲል እህታቸው ተናገሩ። «ይቅር አላልኩም። የሆነው ሁሉ ሳይሸፋፈን ይጻፍ። የሴትዮዋ ልጆች ይጠሩ። እናታቸው እንዳልጠቆመች፣ እኔም በከንቱ ሠላሳ ዓመት እንደጠላኋት፣ በሬሳው ፊት ይነበብ። ያኔ እናታችን ጎን ይተኛ።»

የሟቹ ባለቤት «ስሙን ቀብሬ ሬሳውን አላስቀብርም» ብለው ሁለት ቀን እምቢ አሉ። አስከሬኑ ሆስፒታል ቆየ። በሦስተኛው ቀን የሟቹን የግራ እጅ ጽሑፍ፣ «እናቴ ጎን» የሚለውን፣ ከትራሱ ሥር አግኝተው አነበቡና «ይነበብ» አሉ።

ስለዚህ ይታወቅ፤ የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ በማንም ላይ አልጠቆመችም።

ሟቹ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተው አልፈዋል። በምሕረቱ ላይ መስመር ያላሰመረ አምላክ ነፍሳቸውን ከነሸክሟ ይቀበል፤ በእጃቸው የተጎዱትንም እርሱ ያጽናናቸው።

እህታቸው ቅጹን ይዘው በመቃብሩ በር ሊቆሙ፣ ይህም ጽሑፍ አንድ ቃል ሳይዘለል ተነቦ ሲያበቃ ሊፈርሙ ተስማምተዋል።