ቀይ ነጥብ ያረፈበት ብየዳ፦ የአቶ አምባዬ ከተማ የሕይወት ታሪክ (1941–2001 ዓ.ም.)

ትናንት ከሰዓት በኋላ የዕድሩ ጸሐፊ አቶ ስዩም ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጠው የቤተ ዘመድ ስም ሲመዘግቡ፣ ከሰመራ የመጡ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አንድ አዛውንት ቀርበው «ወንድሙ ነኝ» አሏቸው። ጸሐፊው ስም ጠየቁ። «ከድሩ አሊ» አሉ እንግዳው።

አቶ ስዩም ብዕራቸውን ከወረቀቱ አነሱ። «አባቴ፣ ተሳስተው እንዳይሆን፤ ይሄ የአምባዬ ከተማ ለቅሶ ነው።»

«አውቃለሁ። ይሄን ሁሉ መንገድ ተሳስቼ አልመጣም።»

ጸሐፊው ክርክሩ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዳይገፋ ብለው ስማቸውን ከለቅሶ ደራሾች ተራ አሰፈሩት። አቶ ከድሩም ገብተው ተቀመጡ። ስማቸው የትኛው ተራ እንደሚገባው ለመረዳት የሟቹን ሕይወት ከመነሻው ማንሳት ያስፈልጋል።

አቶ አምባዬ ከአባታቸው ከአቶ ከተማ ወልደየስና ከእናታቸው ከወ/ሮ ንጋትወርቅ በላቸው በ1941 ዓ.ም. በአዋሽ ተወለዱ። አባታቸው ከምንጃር ወርደው በባቡር ጣቢያው የሐዲድ ሠራተኛ ሆነው የኖሩ ሰው ነበሩ። ሁለት ልጆች ወለዱ፤ አቶ አምባዬንና ታናሽ እህታቸውን ወ/ሮ አትክልትን።

አቶ አምባዬ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአዋሽ ከተማሩ በኋላ በ1957 ዓ.ም. ወደ ድሬዳዋ ሄደው ከአንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ለአምስት ዓመት ሙያ ተማሩ። ተመልሰውም በጣቢያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተው ሥራ ጀመሩ። ሬዲዮም ቴፕም ይሠሩ ነበር፤ ስማቸው የወጣው ግን በመኪና ድምፅ ማጉያ ነው። ወደ አሰብ የሚወርዱ ሾፌሮች ቴፓቸው ሲንኮሻኮሽባቸው ወይም ጭራሽ ዝም ሲልባቸው አዋሽ ላይ ይቆሙ ነበር። አቶ አምባዬ ዕቃውን ለመክፈት አይቸኩሉም። መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከዚያ እስፒከሩን ይፈትሻሉ፤ ማጉያውን የሚፈቱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የቸኮለ ሾፌር ሲነዘንዛቸው «ደህናውን ከፍቼ ላበላሽልህ?» ይሉት ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሰርክአዲስ ገብረ መድኅን ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋቡ። አንድ የሥራ ልማድ ያመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ባለቤታቸው በባቡር ከመጣ የኮንትሮባንድ ዕቃ የገዙትን ቀይ የጥፍር ቀለም ወስደው፣ ራሳቸው በበየዱት ቦታ ሁሉ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ነጥብ ያሳርፉ ጀመር። ዕቃው ተበላሽቶ ቢመለስ የራሳቸውን እጅ ከሌላው ለመለየት ነው። ወ/ሮ ሰርክአዲስ «ጥፍሬ ባዶውን ቀርቶ የሾፌሩ ሁሉ ቴፕ ተሞሸረ» እያሉ ያማርሩ ነበር። ከሁለቱ በቀር የነጥቡን ምስጢር የሚያውቅ አልነበረም።

በ1971 ዓ.ም. ጥር ላይ አቶ ከድሩ አሊ፣ የወሎ ተወላጅና የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር፣ ጣሪያው ላይ ለሕዝብ መናገሪያ የሚሆን ጡሩምባ የተገጠመለትን ላንድሮቨር ይዘው መጡ። ማጉያው ተሠርቶ ተመለሰላቸው። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በፊት አይተዋወቁም፤ ያን ዕለትም ከሰላምታ ያለፈ አላወሩም።

ሚያዝያ 23 ቀን የላብ አደሮች በዓል ሰመራ ላይ ተከበረ። ሰመራ ያኔ ከአሰብ መንገድ ዳር ያሉ ጥቂት ቤቶች ነበረች። ለሾፌሮችና ለመንገድ ሠራተኞች ንግግር እየተደረገ ሳለ ጡሩምባው በመሐል ዝም አለ። ተናጋሪው ባለሥልጣን በሕዝብ ፊት አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ቀሩ፤ ከኋላ የሳቀም ነበር። መኪናው ከአቶ ከድሩ እጅ ወጥቶ አያውቅምና፣ የአሻጥር ሥራ ነው ተብሎ እዚያው ተያዙ። በዚያን ጊዜ በአሻጥር የተከሰሰ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ለማንም መንገር አያሻም ነበር።

ከአራት ቀን በኋላ አቶ አምባዬ «ባለሙያ» ተብለው በጭነት መኪና ሰመራ ተወሰዱ። ወ/ሮ ሰርክአዲስ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘው ነበር። ሦስት የኮሚቴ አባላት ከመኪና ሸራ ጥላ ስር ተቀምጠዋል፤ አቶ ከድሩ እጃቸው ታስሮ አጠገባቸው ቆመዋል። አቶ አምባዬ እንደ ልማዳቸው ከባትሪው ጀመሩ። ባትሪው ደህና ነው፤ ፊውዙ ደህና ነው፤ ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተነካም። ጡሩምባውን በሌላ ሽቦ ሲሞክሩት ጮኸ። ማጉያውን ፈቱ። ኃይል የሚያስገባው ሽቦ ከመቀመጫው ተነቅሎ ቆሟል፤ ከጫፉ ላይ ቀይ ነጥብ አለበት።

ጥር ላይ የበየዱት ቀን መብራት እየሄደ እየመጣ ነበር። መበየጃው በደንብ ሳይግል በጥድፊያ ሠርተውታል። የብየዳው እርሳስ ሽቦውን ሳይጨብጥ ላዩ ላይ ብቻ ደርቆ ኖሮ፣ የኮረኮንቹ መንገጫገጭ ነቀለው።

«በፒንሳ የተቆረጠ ሽቦ ጫፉ ይጨፈለቃል፤ ያብረቀርቃል» አሉ አቶ አምባዬ። «ይሄ አልተቆረጠም። ብየዳው መጥፎ ነው።»

«ሾፌሩ ፈትቶ ጎትቶት ቢሆንስ?» አሉ የኮሚቴው ሰብሳቢ። «የማን ብየዳ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«በምን ታውቃለህ?»

«ቀዩ የባለቤቴ የጥፍር ቀለም ነው።»

ከሦስቱ አንዱ ሳቀ። ሌሎቹ አልሳቁም። ሰብሳቢው ቀና ብለው አይተዋቸው «የምትለውን ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁ። አቶ አምባዬ እንደሚያውቁ ተናገሩ። ከዚያ «ሥራውን ልጨርሰው» ብለው ለመኑ፤ ተፈቀደላቸው። እዚያ መብራት ስላልነበረ መበየጃቸውን በከሰል አግለው፣ የተነቀለውን ጠርገው እንደገና በየዱ፤ ከኪሳቸው ብልቃጧን አውጥተው ነጥቧን አሳረፉ። ጡሩምባው ሠራ።

አቶ ከድሩ ያኔውኑ ተፈቱ። የተሰጣቸው የመጀመሪያ ትእዛዝም አሁን ጥፋተኛ የተባሉትን አቶ አምባዬን በዚያው መኪና አሳይታ እስር ቤት ማድረስ ሆነ። ከኋላ ጠባቂ ተቀምጧል። ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ አቶ ከድሩ «መንገዱ ነው የነቀለው ብለህ ዝም ብትል ምን ነበረበት?» አሏቸው።

«መንገዱን የነዳኸው አንተ ነህ። ባንተ ላይ ነበር የሚዞረው።»

«ሚስትህ አርግዛለች አሉኝ።»

«አዎ።»

«እንግዲያስ አላህ ምስክሬ ነው፣ ስትወጣ ቤትህን እንደተውከው ታገኘዋለህ» አሉ አቶ ከድሩ።

አቶ አምባዬ አሥራ አንድ ወር ታሰሩ። አቶ ከድሩ አዋሽ ባለፉ ቁጥር ከወ/ሮ ሰርክአዲስ ደጅ ሳይቆሙ አያልፉም ነበር፤ ሁለት ጊዜም ከፊት አስቀምጠው አሳይታ ድረስ ወስደዋቸዋል። ጥቅምት 1972 ዓ.ም. ወ/ሮ ሰርክአዲስን ምጥ ሲይዛቸው አቶ ከድሩ የራሳቸውን ባለቤት ወ/ሮ ሀጂራን ከሎጊያ ይዘው መጥተው፣ ወ/ሮ ሀጂራ አርባ ቀን አርሰዋል። አቶ አምባዬ መጋቢት ላይ ሲፈቱ ልጃቸው አዲስአለም የአምስት ወር ሆናለች። ሊጠይቁ ከመጡት ከወ/ሮ ሀጂራ እቅፍ አልወርድ ብላ አባቷን አይታ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ አቶ አምባዬ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ በ1976 ዓ.ም. ሁለተኛ ልጃቸው ናሆም ተወለደ። መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ግን፣ ደንበኛው ምንም ቢለምን፣ መበየጃ አያነሱም ነበር። ስለ እስራቱ ሲጠየቁ «ሥራዬ ተመልሶ መጣ» ከማለት በቀር አይናገሩም። አቶ ከድሩ ሰመራ ላይ ሻይ ቤት ከከፈቱ በኋላ፣ አቶ አምባዬ በዓመት ሁለት ጊዜ እየወረዱ የመንገደኛውን ቴፕ ሁሉ እዚያው በረንዳ ላይ ይሠሩ ነበር።

አቶ አምባዬ በስኳር ሕመም ለረጅም ጊዜ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ መጋቢት 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በስልሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሰርክአዲስን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እህታቸውን ትተው አልፈዋል። እውነትን የሚወድ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥ።

ትናንት ማምሻውን ወ/ሮ ሰርክአዲስ መዝገቡን አስመጥተው አዩ። አቶ ስዩምን ጠርተው ጥቂት ቃል ነገሯቸው። ጸሐፊው የከድሩ አሊን ስም ከለቅሶ ደራሾች ተራ ሰርዘው «ወንድም» ከሚለው ስር ጻፉት። በዚያ ተራ ሌላ ስም የለም።