ጉድጓድ ከመውረድህ በፊት

ጀምበሩ፣

ወደ ገለምሶ ሄጃለሁ። የቤቱ ቁልፍ ጎረቤታችን ረዲያ ጋ ነው።

የተሰነጠቀውን የአየር ቱቦ ቆራርጬ ጥዬዋለሁ። አዲሱ አልጋው ስር አለ፣ በእሱ ውረድ።
መጀመሪያ ፋኖስ በገመድ አውርድ። ከጠፋ አትግባ።
አየር የሚነፋውን ሞተርም ከጉድጓዱ አፍ አርቀው፣ ጭሱ ወደ ታች ይገባል።

ትናንት «ቱቦውን አይተኸዋል?» ስልህ «አይቼዋለሁ፣ ውረድ» አልከኝ። አምኜህ ወረድኩ። ትንፋሽ አጥሮኝ ገመዱን ስጎትት አንተ ስልክ ታወራ ነበር። ያወጡኝ የምንቆፍርበት ግቢ ሰዎች ናቸው።

ይሄንን እንኳን በቻልኩት ነበር።

ግን መሬት ላይ ተዘርሬ «ምንም አልሆነም፣ ፈርቶ ነው» ስትላቸው ሰምቻለሁ።

ከላይ ሆኖ ገመድ የሚይዝልህ ሌላ ሰው ፈልግ። ስትጎትት የሚሰማህ ይሁን።

አብዱናስር