ለመብቴ ብለው የዘጉብኝ ጨዋታ

ሰኞ

የጌም ማሽኔ አሁንም ኦንላይን አልገባም አለ። «ኔትዎርኩ አገልግሎት ላይ አይደለም» ይላል፣ ከዚያ ዝም። ከጠዋት ጀምሮ አስራ አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ። መጀመሪያ መብራት ነው አልኩ፤ መብራት አለ። ኢንተርኔቱ ነው አልኩ፤ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ይከፍታል። ራውተሩን ነቅዬ ሰካሁት፣ እንደገና ነቀልኩት። እማዬ «በጸሎት ያዢው» ብላኝ ወደ ህብረቷ ሄደች። ምኑን ነው የምይዘው?

ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ ግጥሚያ አለኝ። የእግር ኳስ ጌም ነው፣ በኦንላይን፣ ከአንድ ኬንያዊ ጋር። ካሸነፍኩ አፍሪካ አቀፉ ውድድር ውስጥ ነኝ። ከተሸነፍኩ ደግሞ አባዬ የተናገረውን አያጥፍም። «እስከዚህ ውድድር ታግሼሻለሁ። ካለፍሽ አፌን ዘጋሁ። ካላለፍሽ ግን ማሽኑን ጠቅልለሽ ሱቅ ትገቢያለሽ» ብሎኛል። ሱቅ ማለት አስኮ ያለው ማር ቤታችን ነው፣ ከቦንጋ የሚያስመጣውን የሚሸጥበት። ማሩን አልጠላሁም። ቀኑን ሙሉ ከሚዛን ጀርባ ቆሜ «ስኳር የለበትም?» ላለኝ ሁሉ መማል ነው የማልችለው።

ማክሰኞ

ምክንያቱ ታወቀ። ሀከሮች ናቸው!

የነገረኝ ሚኪ ነው። ሳንሱሲ ፌርማታው ጋ ጌም ቤት አለው፤ እኔም ጨዋታ የለመድኩት እሱ ጋ ነው፣ ወንዶቹ መጀመሪያ እየሳቁብኝ፣ በኋላ እየተነጫነጩብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ውጭ አገር አንድ ልጅ የገዛውን ማሽን ከፈተና ኩባንያው ያልፈቀደውን ጌም ሁሉ እንዲያጫውት አደረገው። አከፋፈቱንም ለዓለም አሳየ። የማሽኑ አምራች ከሰሰው። ሀከሮቹ ደግሞ «የገዛነው ዕቃ የኛ ነው» ብለው የአምራቹን ኔትዎርክ ሰብረው ገብተው ጣሉት። ለተጫዋቾች መብት ነው ይላሉ።

ለየትኞቹ ተጫዋቾች? እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ? ማን ጠየቀኝ?

ጌም ቤቱ ግን ሰርግ ነው። ሚኪ «እጃቸው ይባረክ!» ይላል። እሱ ምን ቸገረው፣ ማሽኖቹ በሙሉ የተከፈቱ ናቸው፣ ኦንላይን የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። «ቤዚ፣ ኩባንያው የኛን አገር የባንክ ካርድ እንኳን አይቀበልም። ባንከፍተውማ ምን ልንጫወት ነበር?» አለኝ። እውነቱን ስለሆነ ይበልጥ አናደደኝ። እኔ አንድ ጌም ለመግዛት ዱባይ ያለችውን የአክስቴን ልጅ ስንት ጊዜ ነው የምለማመጠው።

ጥግ ላይ የሚጫወተው ልጅ «ኧረ ኩባንያው ምን ይሆናል፣ የምንጎዳው እኛው ነን» ብሎ ሊያግዘኝ ሞከረ። ወዲያው ጎል ገባበትና ክርክሩን እርግፍ አድርጎ ተወው። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ኩባንያውን ስደቡት፣ ክሰሱት፣ ዕቃውን አትግዙ፣ የኔ ግጥሚያ ምን አደረጋችሁ እያልኩ ጮህኩ። ድምፄ ጠፋ። ሐሙስ ደግሞ የኳየር ልምምድ አለብኝ።

ረቡዕ

ተመለሰ! ኔትዎርኩ ተመለሰ! እማዬ ከጓዳ «ሃሌሉያ!» አለች፣ ምን እንደሆነ እንኳን ሳትጠይቅ።

ደስታዬ አንድ ደቂቃ አልሞላም። «ለደህንነትዎ ሲባል የይለፍ ቃልዎን መቀየር አለብዎት፤ ኮድ ወደ ኢሜይልዎ ልከናል» የሚል መጣ።

የቱ ኢሜይል?

ማሽኑን ስገዛ ሁሉን ነገር የከፈተልኝ አስኮ ስልክ የሚሸጠው ናቲ ነው። እኛ ሰፈር ኢሜይሉን ራሱ የሚከፍት ሰው አለ እንዴ? ስልክ የሸጠልህ ሰው ይከፍትልሃል፣ «አለቀ» ይልሃል፣ አመስግነህ ትወጣለህ። ዲግሪ አለኝ እኮ! ኢሜይሉን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ምን ዓይነት ጅል ነኝ!

እየሮጥኩ ሄድኩ። የናቲ ሱቅ ዳቦ ቤት ሆኗል። ስልኩ አይሰራም። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ «ለቆ ሄደ፣ የት እንደሆነ እንጃ» አለችኝ።

ሌላ ምን ይቻላል?
አዲስ አካውንት መክፈት። አይሆንም፣ እዚህ የደረስኩት በዚያኛው ነው።
ለኩባንያው መጻፍ። ጻፍኩ። ጥያቄ ስለበዛ በአስር ቀን ውስጥ ይመልሳሉ። አስር ቀን!
ማልቀስ። ይሄን አደረግኩ።

ሐሙስ

ምሳ ላይ አባዬ «ያ ነገርሽ እንዴት ሆነ?» አለኝ። ሀከሮች እንዳበላሹት ነገርኩት።

«ሌቦች ናቸው?»

«ሌባ እንኳን አይደሉም አባዬ። ተቃዋሚ ናቸው።»

«ማንን ነው የሚቃወሙት?»

«ማሽኑን የሚሰራውን ኩባንያ።»

«ታዲያ አንቺ ምን አደረግሻቸው?»

ጌም ቤት ያን ሁሉ ስንጨቃጨቅ ይሄን የጠየቀ አልነበረም። የአንጀቴን ነው የተናገረልኝ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል «ለማንኛውም ቅዳሜ ያው ቅዳሜ ነው» ብሎ እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

ልምምድ ላይ ሁለት ጊዜ ከዜማው ወጣሁ። ምን ሆነሻል ሲሉኝ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። አብራኝ የምትዘምረው ህይወት ብቻ አልሳቀችም። «አስኮ የነበረው ናቲ? ዘነበወርቅ ገባ እኮ፣ ሆስፒታሉ ጋ። ባለቤቱን አውቃታለሁ» አለች። አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩባት። ልምምዱ ተቋረጠ፣ ተቆጡን፣ ይቆጡ።

አርብ

ሁለት ታክሲ ይዤ ደረስኩ። ናቲ ገና ሲያየኝ «የማር ቤቷ ልጅ!» አለ። ጉዳዬን ነገርኩት። «ለዚህ ነው እንዴ የምትጨነቂው?» ብሎ ከባንኮኒው ስር አንድ ደብተር መዘዘ።

የደንበኞቹ ሁሉ ኢሜይልና የይለፍ ቃል፣ በእስክሪብቶ፣ ገጽ በገጽ። መነጽሩን እስኪያመጣ ደብተሩን ቻርጀር ሊገዛ የቆመ ሰውዬ እጅ ላይ አስቀመጠው! ሰውዬውም ቁጭ ብሎ ያነብባል። የሁሉም የይለፍ ቃል ደግሞ አንድ ነው፤ የሚስቱ ስም፣ ከዚያ አንድ ሁለት ሶስት። «እንዳይረሳ ብዬ ነው» አለኝ፣ እንደ ጥሩ ነገር። እነዚያ ሀከሮች ያን ያህል ለፍተው የሰበሩትን በር ናቲ ዘነበወርቅ ላይ ወለል አድርጎ ከፍቶታል። ልሳቅ ወይ ልጩህ አላወቅኩም።

ኢሜይሉን ስልኬ ላይ ከፈትነው፣ ኮዱ መጣ። ገባሁ! ሁሉም ነገሬ አለ። እዚያው ቆሜ የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። ናቲ እስክሪብቶውን አንስቶ «አዲሱን ልጻፈው?» አለኝ።

«እንዳትሞክራት!»

ስመለስ ሚኪ ጋ ጎራ አልኩ። አኩርፎ ተቀምጧል። ሀከሮቹ «ተጫዋቾችን ስለጎዳን እዚህ ላይ እናቆማለን» ብለው ጽፈዋል አሉ። «ፈሩ» አለ ሚኪ። እኔ ደግሞ ይሄን መጀመሪያ ማሰብ ያቃታቸው ለምንድን ነው አልኩት።

ቅዳሜ

ዘጠኝ ተኩል ላይ ተቀመጥኩ። አባዬ ሱቁን ለሰራተኛ ትቶ መጣ። ስጫወት ሊያይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። «የኛው የቱ ነው? ቀዩ?» አለኝ።

አስር ሰዓት። «ተጋጣሚዎ እየተጠበቁ ነው።» አስር ከአምስት። አስር ከሩብ።

«ተጋጣሚዎ ስላልተገኙ በፎርፌ አልፈዋል።»

እማዬ እልል አለች። አባዬ «አለፍሽ ማለት ነው?» አለ። አለፍኩ አልኩት። «ታዲያ ፊትሽ ለምን እንዲህ ሆነ?» ሚኪ ደወለ። «አየሽ! ስትሰድቢያቸው የከረምሽው ሀከሮች ናቸው ያሳለፉሽ!» ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ኬንያዊው ልጅ ከኔ በደረጃ ይበልጣል። ፈርቶ አይቀርም። ይሄኔ ተቀምጦ ኢሜይሉን እየፈለገ ይሆናል፣ ረቡዕ እኔ እንደፈለግኩት። እሱንስ ከራሱ ናቲ ጋር ማን አገናኘው?

በጣም ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ እንጃ።

እሁድ

ከቤተክርስቲያን ስንመለስ ከአዘጋጆቹ መልእክት ጠበቀኝ። ተጋጣሚዬ አካውንቱ ተቆልፎበት ነበር፤ ዛሬ ተከፍቶለታል። በደንቡ ያለፍኩት እኔ ነኝ። እኔ ከተስማማሁ ብቻ ግን ነገ አስር ሰዓት ላይ መጫወት እንችላለን። ከስሩ ሁለት ቃል፦ አዎ፣ አይ።

ሚኪ «አብደሻል?» አለኝ። እማዬ «ጌታ የሰጠሽን ልትመልሺ ነው?» አለች። አባዬን አልጠየቅኩትም።

አንድ ሰዓት ያህል ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሳይጠይቁኝ በኔ ስም ወሰኑ ብዬ ስጮህ ነው የከረምኩት። ያንንም ልጅ የጠየቀው የለም። እኔን ግን ይኸው ጠየቁኝ። ብሸነፍስ? በጨዋታ ከሱ ጋር እኩል አይደለሁም፣ አውቀዋለሁ።

አዎ የሚለውን ተጫንኩት።

አባዬ ሳሎን ነው። ለጎረቤታችን ለጋሽ ታደሰ «ልጄ እኮ አፍሪካ ገባች!» እያለ ይሰማኛል፣ ሶስተኛ ጊዜው ነው። እንዴት ብዬ እንደምነግረው አላውቅም።