የሚጢጢ ወገብ

ጥር 4
ሦስት ቀሚስ ተረክበን አንዱን ጨረስን። ታናሽ እህቴን፣ ሚጢጢን፣ ሳሉ አልለቀቃትም። ከስፌት ሱቃችን ጀርባ የበቀለውን ባለቢጫ አበባ ቅጠል ቀቅዬ ሰጠኋት... ለሳል ፍቱን ነው ሲሉ ሰምቼ። መራራ ነው። “እትዬ፣ መጀመሪያ አንቺ ጠጪና ልይሽ” አለችኝ። አንድ ጉንጭ ጠጣሁላት። ስፌት አስተምሬያት፣ አሁን ደግሞ መድኃኒት ቀማሽ ሆንኩላት!

ጥር 17
ሳሉ ጠፋ። ቅጠሉ ሠራ ማለት ነው። እንዳይመለስባት በየጠዋቱ እንቀጥላለን። አንድ ጉንጭ ለእኔ፣ የቀረው ለእሷ።

ጥር 29
ቀሚስ ልሰፋላት ለካኋት። ባለፈው ወር ወገቧ 68 ሳንቲ ሜትር ነበር። ዛሬ 77። ክንዷ ግን ከስቷል።
“ሜትሩ ነው” አልኳት። ሽርጤ ኪስ ውስጥ ረስቼው ከልብስ ጋር ታጥቧል፤ ተኮማትሯል። ሳቅን።
ታዲያ የትከሻዋ ልክ ለምን አልተለወጠም?

የካቲት 1
አዲስ ሜትር ገዛሁ። 81።

የካቲት 3
አንዷ ደንበኛ ሚጢጢን አይታ “ስንት ወር ሆናት?” ብላ ጠየቀችኝ። ገላመጥኳት። ማታ የሚጢጢን ሆድ ነካሁት... ውስጡ ውሃ ይላወሳል። ቀኝ ጎኗን ጫን ሳደርገው ጮኸች። የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ይህን ቢጫ የት ነው የማውቀው? ፈራሁ።

የካቲት 5
ሐኪም ቤት። ጉበቷ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ተዘግተዋል። ደሙ መውጫ ሲያጣ ፈሳሹ ሆዷ ውስጥ ይጠራቀማል አለ ሐኪሙ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው መቅኒ በተተከለላቸው ሰዎች ላይ ነው። እሷ ምን ተተክሎላት?
“ምን ስትጠጣ ነበር?” አለኝ።
ወደ ሚጢጢ ዞርኩ።
“ውሃ” አለች ሚጢጢ፣ እኔን እያየች።
ልትሸፍንልኝ! እዚያው እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት። “ጉበቷን የመረዘው ቅጠሉ ነው” አለ። በገዛ እጄ... በየጠዋቱ፣ ስኳር እየጨመርኩ።

የካቲት 9
ቅጠሉን ከነሥሩ ነቀልኩት።

የካቲት 23
ፈሳሹን ቀዱላት። ወገቧ 72 ገባ። ትተርፋለች ብለውኛል። ከሱቁ ጀርባ ሄጄ ነበር፤ ቅጠሉ እንደገና በቅሏል። አልነገርኳትም።
አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች ሜትሩን ከአንገቴ ሳብ አደረገችና “ነይ፣ ዛሬ ደግሞ እኔ ልለካሽ” አለች። ለጨዋታ። ወገቤ ላይ ጠመጠመችው። አነበበች። ፈትታ እንደገና ጠመጠመችው።
“ስንት ነው?”
ቀና ብላ አላየችኝም። “ሜትሩ ነው፣ እትዬ” አለች። “ተኮማትሯል።”
አዲሱ ሜትር እኮ ነው።